ለትምህርት ቤታችን የወላጆች አስተባባሪ፦ ከልብ እናመሰግናለን

ይህን የምጽፈው አንዲት እህታችንን ለማመስገን ነው። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ልጅ የምታስተምሩ ደግሞ እንደ ጥቆማ ያዙልኝ። ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጠራም። ሥራዋ የወላጆች አስተባባሪ ይባላል። እንግሊዝኛ የማይቀናንን ወላጆች ከትምህርት ቤቱ ጋር የምታገናኘን እሷ ናት። በኮቪድ ጊዜ ልጆች ወደ ክፍል ሲመለሱ እሷ ባትኖር ምን ይውጠን እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

መቼም ያን ጊዜ የረሳ የለም። በማርች 2020 ትምህርት ቤት ለ2 ሳምንት ይዘጋል ተባለ። ሁለቱ ሳምንት ዓመት ሆነ። በ2021 መጀመሪያ ላይ የግዛቱ ገዢ ላሪ ሆጋን እስከ ማርች 1 ድረስ ትምህርት ቤቶች በከፊልም ቢሆን ይከፈቱ አሉ። የኛ ካውንቲ ደግሞ 160 ሺህ ገደማ ተማሪ አለው። ያን ሁሉ ልጅ በአንድ ቀን ማስገባት አይሆንም። ስለዚህ በየተራ ሆነ፦ መጀመሪያ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው፣ ከዚያ ትንንሾቹ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ለወላጅም ምርጫ ተሰጠው። ልጅህ ክፍል ይግባ ወይስ በዙም ይቀጥል?

እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ። በ2020 እዚያ ያየሁትን አይቻለሁ። የባለቤቴ እናት አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ትንሿ ልጄ አንደኛ ክፍልን የጀመረችው በዙም ነው። አስተማሪዋን በአካል አይታት አታውቅም ነበር። ንባብ ላይ ወደ ኋላ መቅረቷ ይታየኛል። ብትገባ እማማ ያሳስቡኛል፤ ባትገባ እሷ ታሳስበኛለች።

የካውንቲው ደብዳቤ በአማርኛም ይመጣል፤ ይህም ሊመሰገን ይገባል። ግን ደብዳቤን መልሰህ አትጠይቀውም። «6 ጫማ ርቀት ይጠበቃል» ይላል። ምሳ ሲበሉስ? አውቶቡስ ውስጥስ? ብታስል ማን ነው የሚደውልልኝ? ከሌሊት ሥራ ገብቼ ተኝቼ ከሆነስ?

አስተባባሪዋ የደወለችልኝ ገና ያልወሰኑ ቤተሰቦችን በስልክ ስታዳርስ ነው። ልጅሽ ትግባ አላለችኝም፣ ትቅርም አላለችኝም። «እስቲ መጀመሪያ የሚያሳስብሽን ንገሪኝ» አለችኝ። ዘረገፍኩላት። የምታውቀውን መለሰችልኝ። የማታውቀውን «ነርሷን ጠይቄ እደውልልሻለሁ» አለችኝ፤ ደወለችም። ያን ሰሞን በቫይበርና በቴሌግራም የማይነዛ ወሬ አልነበረም፤ ሁሉም አዋቂ ነበር። እኔን ያሳመነኝ ግን የማታውቀውን አላውቅም ማለቷ ነው። ክፍሉ ድረስ ሄዳም አይታልኛለች። የልጄ ጠረጴዛ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ፣ መስኮቱ መከፈት አለመከፈቱን፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈው ቀስት ልጆቹን በየት በኩል እንደሚወስዳቸው፣ ሁሉንም ነገረችኝ።

በዚያ ላይ ከእማማ ጋር ያወራችው አይረሳኝም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌላቸው ነበር። እማማ «ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ። ልጅቷ ትማር። ግን ይዛብኝ መጥታ አንድ ነገር ብሆን ጸጸቱ ለእሷ ይተርፋል» አሏት። እሷም ትንሽ ዝም አለችና «እማማ፣ እርስዎ ክትባቱን ወስደዋል?» ብላ ጠየቀቻቸው። አልወሰዱም። ያኔ በሜሪላንድ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ተፈቅዷል፤ ቀጠሮ ማግኘት ግን መከራ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ቦታ ተከፈተ ሲባል ወዲያው ያልቃል። ክትባት የእሷ ሥራ አይደለም። ቢሆንም ካውንቲው በስልክ የሚመዘግብበትን ቁጥር ፈልጋ ሰጠችን፤ አማርኛ አስተርጓሚ እንዴት እንደምንጠይቅም ነገረችን። መጀመሪያ እማማ ተከተቡ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ገባች። ቅደም ተከተሉን ያበጀችልን እሷ ናት።

ደግሞ ማርች 19 ላይ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) የክፍሉን ርቀት ከ6 ጫማ ወደ 3 ጫማ አወረደው። ወላጅ ሁሉ ተደናገጠ። ትናንት 6 ያሉት ዛሬ 3 ካሉ ነገ ምን ሊሉ ነው? እሷ በአማርኛ የዙም ስብሰባ ጠርታ አስረዳችን። 3 ጫማው ልጆቹ ማስክ አድርገው ክፍል ሲቀመጡ ነው። ምሳ ሲበሉ ማስክ ስለሚወልቅ 6 ጫማው እንዳለ ነው። አንድ አባት ለምን እንደተቀነሰ ሲጠይቋት፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የተደረገ ጥናት ማስክ ባለበት በሁለቱ ርቀቶች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንዳላገኘ፣ ርቀቱ ሲጠብ ደግሞ ብዙ ልጅ ክፍል መግባት እንደሚችል ነገረቻቸው። አላጣደፈቻቸውም። ደጋግመው ሲጠይቁም ደጋግማ መለሰች።

በኦገስት መጨረሻ 2021 ሁሉም ልጅ በሳምንት 5 ቀን ሲመለስ ሥራዋ ባሰበት። አንድ ልጅ ሲያስነጥስ ኳራንቲን ነው፣ መልእክት ነው፣ ቅጽ ነው። የኮቪድ ምርመራ ፈቃድ የሚጠይቀው ቅጽ ሲመጣ «ልጆቻችንን ሳይነግሩን ሊከትቡብን ነው» የሚል ወሬ ተናፈሰ። ቅጹን መስመር በመስመር አነበበችልን። የአፍንጫ ምርመራ እንጂ የክትባት አይደለም። በኖቬምበር ከ5 እስከ 11 ዓመት ላሉት ልጆች ክትባት ሲፈቀድም ማንንም አልገፋችም። የት እንደሚሰጥና ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ነግራ ውሳኔውን ለወላጅ ተወች።

ጥቆማዬ ይኸውላችሁ። ብዙ ቤት አስተርጓሚው ልጅ ነው። እኔም ጋ ትልቁ ልጄ ነበር፤ 7ኛ ክፍል ነው። እሷ ናት «ተይው፣ እሱ ልጅ ነው። የራሱን የባሕርይ ሪፖርት ራሱ ሊተረጉምልሽ ነው?» ያለችኝ። በአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤት ከወላጅ ጋር ወላጁ በሚገባው ቋንቋ መነጋገር ግዴታው ነው፤ በነጻ። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በ2015 የፌዴራል የትምህርትና የፍትሕ ሚኒስቴሮች ባወጡት መመሪያ ደግሞ ተማሪን፣ ወንድም እህትን ወይም ጓደኛን አስተርጓሚ ማድረግ እንደማይገባ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ መመሪያው በ2025 ቢነሳም ሕጉ አለ። ስለዚህ እንደ ውለታ አትቁጠሩት። የትምህርት ቤቱ ቢሮ ደውላችሁ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉ፤ መስመር ላይ ጠብቁ ሲሏችሁ አትዝጉት። የአስተማሪ ቀጠሮ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ አሳውቁ። አማርኛ ተናጋሪ አስተባባሪ ካለም በስሟ ጠይቁ። እንደኛዋ ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት የምትሸፍን ከሆነ የትኛው ቀን የት እንደምትውል ቢሮው ይነግራችኋል።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከሥራ መውጫዬን አስታውሰሽ፣ እንቅልፌን ሳትቆርጪ የደወልሽልኝ አይረሳኝም። እማማም መርቀውሻል።

እሷ የረዳቻችሁ ወላጆች ካላችሁ ለርዕሰ መምህሯ ደብዳቤ ጻፉላት፤ እኛ ጽፈናል። እንዲህ ያለው ሥራ በየዓመቱ በጀት ሲቆረጥ ቶሎ የሚነካ ነው፤ የወላጅ ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ መኖሩ ይጠቅማታል። በአማርኛም ቢሆን ጻፉ፤ መተርጎም የእነሱ ድርሻ ነው።