ለካባ አፋፍ፦ ድሮን ልግዛ ወይስ ቶታል ስቴሽን?

ሰኔ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። አዳማ ዙሪያ ከካባ፣ ማለትም ከመቆፈሪያው ጉድጓድ፣ ገረጋንቲ (ጠጠራማ የግንባታ አፈር) የሚያወጡ የማኅበር ልጆች ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ከካባው በላይ ያለው ቤት ግድግዳው ተሰነጠቀ እየተባልን ነው፣ መሬቱ መሄድ አለመሄዱን የምናይበት ድሮን እንግዛ ወይስ ቶታል ስቴሽን?» ያገለገለ ቶታል ስቴሽን፣ ማለትም ትራይፖድ ላይ ቆሞ ርቀትና አንግል የሚለካውን የቀያሽ መሣሪያ፣ ግዙ። በቃ። ግን ለምን እንደሆነ ካልነገርኳችሁ ነገም ትደውላላችሁ።

ከዋጋው ልጀምር። እኔ ስገዛ ባለ 5 ሰከንድ ሶኪያ (የቶታል ስቴሽን ብራንድ ነው) ከነትራይፖዱ 290 ሺህ አሉኝ፣ ሁለት ቀን ተከራክሬ 265 አደረግሁት። ድሮኑ 380 ሺህ ነበር። ትርፍ ባትሪና ፎቶውን የሚያቀናብር ጠንካራ ኮምፒውተር ሲጨመርበት ግን ግማሽ ሚሊዮኑን ያልፋል። ያለ ፈቃድም አታበሩትም። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ 51 እና 153 ሜጋዋት ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም።

ድሮን ጥሩ ተሠራበት ቢባል እንኳ በሳንቲ ሜትር ይስታል። የሰው ቤት በሳንቲ ሜትር እስኪንሸራተት ደግሞ አይጠበቅም። የቶታል ስቴሽኑ የ5 ሰከንድ የአንግል ስህተት ግን 100 ሜትር ላይ 2.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስንት ሜትር ኪዩብ ወጣ ለሚለው ግን ድሮንን የሚያክል የለም፣ ለዚያ በቀን ተከራዩት።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። አንዱ ፕሪዝሜ፣ የመሣሪያውን ጨረር የሚመልሰው መስታወት፣ ወድቆ ተሰበረ። ኦሪጅናሉ 14 ሺህ፣ ኮፒው 4 ሺህ 500። ኮፒውን ገዛሁ፤ እንደ አሮጌው -30 ተብሎ ተጽፎበታል፤ መሣሪያው ከእያንዳንዱ ርቀት 30 ሚሊሜትር ይቀንስ ማለት ነው። በማግስቱ ስለካ አፋፉ ላይ ያለው ቤት ጥግ ወደ ጉድጓዱ 3 ሳንቲ ሜትር መጥቷል! እናትየው ልጆቻቸውን ይዘው እንዲወጡ አደረግን፣ ኤክስካቫተሩ ቆመ፣ ሲኖዎቹ ባዷቸውን ተሰልፈው ዋሉ፣ ሾፌሮቹም ሲሰድቡኝ ዋሉ። ማታ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ግድግዳው ስንጥቅ ላይ የለጠፍኩት ጀሶ አልተነካም ነበር። ጠዋት ፕሪዝሙን ቀጥ ባለ መስመር ሦስት ነጥብ ላይ ፈተንኩት፦ ከሀ እስከ ለ፣ ከለ እስከ ሐ፣ ከዚያ በአንዴ ከሀ እስከ ሐ። ሁለቱ ተደምረው ከሦስተኛው 30 ሚሊሜትር አነሱ። ኮፒው ለካ ዜሮ፣ ማለትም ምንም የማይቀነስለት ነበር፣ -30 የተጻፈበት ለጌጥ ነው። ቆጠብኩ ያልኩት 9 ሺህ 500 ብር ሙሉ የሥራ ቀን በላ።

ስለዚህ ምንም ግዙ ምን፣ ጀሶው አይቅር። የመቶ ብር ይበቃል። ቀለሙን ፍቁና ስንጥቁን አሻግራችሁ እንደ መዳፍ ለጥፉት፣ ሳይደርቅ በሚስማር ቀኑን ጻፉበት። ጀሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ትንሽ ከተከፈተ ይሰነጠቃል።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩን ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቁሙት። አንድ ነጥብ በፌስ ሌፍትና በፌስ ራይት፣ ማለትም መነጽሩን ገልብጣችሁ በሁለቱም ፊት፣ አንብቡ፤ የሁለቱ የቁም አንግል ድምር ከ360 ዲግሪ በብዙ ሰከንድ ከራቀ የካሊብሬሽን (መሣሪያውን የማስተካከያ) ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስ። «አዲስ ባትሪ» ሲሏችሁ አትመኑ። የእኔው ፕላስቲኩ ሳይላቀቅ 40 ደቂቃ ላይ ጠፍቷል።

ገረጋንቲው ራሱም ያታልላል። ትንሽ እርጥበት ሲኖረው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ኦፕሬተሩም ደስ ብሎት ሥሩን ይቦረቡራል። ሲደርቅ ወይ ዝናብ ሲጠግብ ግን ልል ጠጠር ከ35 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። ከአፋፉ ኋላ ያለውን መሬት በየጠዋቱ እየዞራችሁ እዩ፤ ከአፋፉ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ከሥሩ ማሽንም ሰውም አይቁም።

መሣሪያውን ደግሞ ከካባው ራቅ ያለ የረጋ መሬት ላይ አቁሙት። አንድ ወዳጄ ትራይፖዱን እዚያው ስንጥቁ አጠገብ ተክሎ ለሳምንት ከለካ በኋላ «ቤቱ ንቅንቅ አላለም» ብሎ ደወለልኝ። ሄጄ ሳይ ትራይፖዱም ቤቱም አብረው እየሄዱ ነው።