አምባሳደር አካባቢ ለሚገኝ ተርጓሚ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

አምባሳደር አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ ጠባብ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ለሚሠራ ወንድማችን ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ይገባኛል። ስሙን እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ ፈቃዱን አክብሬያለሁ፤ ቤቱን ለሚፈልግ ሰው ግን በውስጥ መስመር አመለክታለሁ።

በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖረው ልጄ በዕረፍት ቀኑ ባሕር ወርዶ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል፤ ልጠይቀው ስሄድ አብሬው እንድወጣ ስላሰበም ለመዝናኛ የሚያጠምዱ ሰዎችን የሚመለከተውን ደንብ አስቀድሜ እንዳነበው ላከልኝ። መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስተርጉሜው ነበር። በዚያ ትርጉም «የከረጢት ገደብ»፣ «የሹካ ርዝመት»፣ «የቀዳዳ መጠን» የሚሉ ቃላት ተደርድረው ነበርና፣ ደጋግሜ ባነበውም ምን ማድረግ እንዳለብኝ አልገባኝም።

ይህ ባለሙያ ግን ቃሉን ከመተርጎሙ በፊት ሕጉ የሚከለክለው ምን እንደሆነ መረመረ። «ባግ ሊሚት» ማለት አንድ ሰው በአንድ ቀን ይዞ ማስቀረት የሚፈቀድለት የዓሣ ብዛት ሲሆን፣ «ፖሰሽን ሊሚት» ደግሞ በማናቸውም ጊዜ በእጁ ሊገኝ የሚችለው ጠቅላላ ብዛት መሆኑን ለይቶ አስቀመጠልኝ። «ፎርክ ሌንግዝ» ከተዘጋ አፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ መሰንጠቂያ፣ «ቶታል ሌንግዝ» ግን እስከ ጅራቱ መጨረሻ የሚለካ ስለሆነ፣ ዓሣ ሥሎ በማስመሪያ አሳየኝ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ስለ «ስሎት ሊሚት» የሰጠኝ ማብራሪያ ነው። እኔ ዓሣው ትልቅ እስከሆነ ድረስ መውሰድ ይፈቀዳል ብዬ ተረድቼ ነበር፤ ለካስ የርዝመት ገደቡ ከታችም ከላይም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 በጸናው ደንብ፣ ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ዓሣ በውቅያኖስ በኩል የሚያጠምድ ሰው በቀን አንድ ብቻ፣ እሱንም ከ28 እስከ 31 ኢንች የሆነውን፣ በቸሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነውን ነው የሚያስቀረው። ከዚያ የሚበልጠው ወደ ውኃው የሚመለሰው ትልልቆቹ እንስት ዓሦች እጅግ ብዙ እንቁላል ስለሚጥሉ ነው። የአካባቢው ሰው ይህንኑ ዓሣ «ሮክፊሽ» ስለሚለው የቀድሞው ትርጉም ሁለት ዓሣ አድርጎት እንደነበረም ያወቅሁት ከእሱ ነው። ከባሕር ዳርቻው ከ3 የባሕር ማይል በኋላ የሚጀምረው ውኃ በፌዴራል ሕግ የሚተዳደር በመሆኑ፣ በዚያ ይህን ዓሣ ማጥመድ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ የተከለከለ መሆኑንም በኅዳጉ ጻፈልኝ።

ሥራውን በሦስት ቀን ጨርሶ ከተስማማንበት ዋጋ በላይ አልጠየቀኝም። ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻልም ትርጉሙ የተሠራበትን ቀን በየገጹ ግርጌ አስፍሯል። ልጄ አንብቦ፣ እሱ ራሱ የውቅያኖሱንና የባሕረ ሰላጤውን መጠን ያምታታ እንደነበር ነገረኝ።

አስቸጋሪ ደንብ፣ ውል ወይም መመሪያ ማስተርጎም የምትፈልጉ ሁሉ ወደዚህ ሰው እንድትሄዱ ከልቤ እመክራለሁ። ስትሄዱ ግን ሰነዱን ሙሉውን ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ ሁለት ገጽ ብቻ ይዤ በሄድኩ ጊዜ፣ የቃላቱ ፍቺ ያለበትን ገጽ ሳያይ እንደማይጀምር ነግሮ መልሶኛል።