ለሱሉልታው ባለባጃጅ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ከከተማ ወጣ ብላችሁ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ለምትፈልጉ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ደላላ አይደለም። መሐንዲስም አይደለም። ሱሉልታ ላይ ባጃጅ የሚነዳ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው።

እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ ከጎጃም መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ በረንዳው ላይ በአሮጌ ባልዲ ጎመን ትተክል ነበር። ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ ሲላት ግን ሳምንቱን ሙሉ መሬት ሳትረግጥ ትቆያለች። አንድ ቀን «ልጄ፣ እኔ እኮ ወፍ አይደለሁም» አለችኝ። ፍለጋው የተጀመረው ያን ቀን ነው። የፈለግነው ሺህ ካሬ አካባቢ ግቢ፣ ለድንችና ለነጭ ሽንኩርት የሚሆን መደብ፣ ጥቂት ዶሮ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ፒያሳ ስለሚሠራ በየቀኑ መመላለስ አለበት።

ሰንዳፋን አየን። ሆለታን አየን። ቢሾፍቱን ዋጋው አስመለሰን። ሱሉልታ ግን እንጦጦን ተሻግሮ ማዶው ነው፣ ለፒያሳም ይቀርባል። የሄድነው ጥር ላይ ነበር። ድርቆሹ ተከምሯል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሜዳው ወርቅ መስሏል። ጥር ላይ የማያምር ቦታ የለም፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

አንድ ደላላ ሁለት ሺህ ካሬ፣ ያውም ከሌላው በግማሽ ዋጋ አገኘሁላችሁ አለን። የቀጠሮው ቀን «አልመቸኝም፣ ባጃጅ ያዙና እዩት» ብሎ ቀረ። ልጁን ያገኘነው በዚህ አጋጣሚ ነው። መንገዱን ሙሉ ሬዲዮውን ከፍቶ ዝም ብሎ ነዳን። ግቢውን አየን፣ ወደድነው። ስንመለስ እኔ ስልክ ላይ ነኝ፤ ለባለቤቴ «ነገ ቀብድ እንክፈል» እያልኩ ነው። ልጁ ሞተሩን አጠፋ።

«እትዬ፣ በማያገባኝ ልግባ?»

«ግባ» አልኩት።

«ያ ቦታ ጨፌ ነው። ነሐሴ ላይ ይምጡና ይዩት፣ ዳክዬ ነው የሚገባበት።»

አዙሮ መልሶ ወሰደን። መጀመሪያ ያሳየን አጥሩ ሥር የበቀለውን ቄጠማ ነው። ቄጠማ ውሃ የሚተኛበትን ይወዳል። ቀጥሎ ግድግዳውን አሳየን። ከጉልበቴ ከፍ ብሎ የክረምት ውሃ ያሰመረው መስመር አለ፤ ቀለም ተቀብቶ እንኳ አልጠፋም። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፣ በበጋ ተሰነጣጥቋል። እናቴ ከዘራዋን አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ብትከተው እስከ ግማሹ ገባ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይጨማደዳል። ጥልቅና ጠንካራ መሠረት ከሌለው ቤቱም አብሮ ይሰነጠቃል። እናቴ አፈረች። «የገበሬ ልጅ ሆኜ ቄጠማ አይቼ ዝም ልበል?» እያለች እስከ ቤታችን ድረስ ራሷን ስትወቅስ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄው «ካርታ አለው ወይ?» የሚል ነበር። የለውም። ደላላው «የገበሬ ይዞታ ነው፣ በውል ይሆናል፣ ሽማግሌዎች ይፈርማሉ» ብሎኝ ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ የተጻፈ ነው። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው እንጂ እርሻውን ቆርሶ ሊሸጥላችሁ አይችልም። ሽማግሌ ቢሰለፍ ወረቀቱን ሕጋዊ አያደርገውም። ልጁ አንቀጽ አልጠቀሰም። «እንዲህ የተገዛ ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ፣ ዕቃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ» ነው ያለው። ለእኔ ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በቀን ሂሳብ ያዝነው። ሁለት ደላሎች ለማሳያ ብቻ ከጠየቁን ያነሰ ነው። ከጥር እስከ ነሐሴ ስንት ግቢ እንዳየን አልቆጠርኩም። የእሱ አሠራር ከደላላ የተለየ ነው። ቤቱን ከማየታችን በፊት ሠፈሩን ያዞረናል። በየበሩ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ካየ «ማዘር፣ እዚህ ቧንቧው ጌጥ ነው» ይላታል እናቴን። ከዚያ ወርዶ ሴቶቹን በኦሮምኛ ያዋራል። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሌሊት ይሁን ቀን፣ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጠይቃል። ሻጭ የማይነግራችሁን ጎረቤት ይነግራችኋል። ግን ቋንቋውን ማወቅ ነው፤ እኔ ከ«አካም» አላልፍም።

አንድ ግቢ ባሕር ዛፉ ደስ ብሎኝ ልገዛው ስል የጎረቤቱን የውሃ ጉድጓድ አሳየኝ። ደርቋል። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም አትክልት አያበቅልም። ሌላው ግቢ ላይ ሻጩ «አቮካዶ ትተክላላችሁ» ብሎን ነበር። ልጁ ሳቀ። ሱሉልታ ደጋ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ አቮካዶ አይችለውም። ድንች፣ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ገብስ ግን ቤታቸው ነው።

ባለቤቴን ያተረፈው ደግሞ ሌላ ምክር ነው። ደላሎቹ ሁሉ «ከአዲሱ ገበያ ሃያ አምስት ደቂቃ» ይላሉ። እውነት ነው፣ እሁድ ጠዋት። ልጁ «ሰኞ 12 ሰዓት ላይ ተነሥተው ይሞክሩት» አለው። ሞከረው። ከደርባ በኩል ሲሚንቶ ጭነው ዳገቱን የሚያቃስቱ ከባድ መኪኖች ኋላ ተሰልፎ፣ ሰዓት እያየ ሄደ። አሁን 11 ከሩብ ላይ ይወጣል። አልወደደውም፣ ግን አውቆ ነው የገባበት።

በመጨረሻ ያገኘነውን ቤት ያየነው ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ባጃጁ ጭቃው ውስጥ አቃተውና ወርደን ገፋን፤ ጫማዬን እዚያው ትቼው መጣሁ። ግቢው ውስጥ ግን ውሃ አልተኛም። ካርታ አለው። ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ስለገባች ፋይሉ አሁን የት እንዳለ ጠይቀን፣ ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ ከዕዳና ከዕግድ ነፃ መሆኑን አጣርተን ነው የተዋዋልነው። ለዚህ ጠበቃ ይዘናል፤ ባጃጅ ሁሉን አይችልም። ጠበቃው ያስጠነቀቀን አንድ ነገር ለእናንተም ይጠቅማል። ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ይዞታ ያለው ቤት በሽያጭ ሲተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ፣ ማለትም ለመንግሥት እየተከፈለ ወደሚያዝ መሬት ይገባል። የሊዝ አዋጁ 721/2004 እንዲህ ይላል። ገንዘባችሁን ስትደምሩ የቤቱን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ።

ውሉ ካለቀ በኋላ ለልጁ የደላላ ኮሚሽን ልንሰጠው ፈለግን። «እኔ ደላላ አይደለሁም፣ ነገ ሌላ ሰው እውነት ሲጠይቀኝ አፌ ይያዛል» ብሎ እምቢ አለ። እናቴ ራሷ የፈተለችውን ጋቢ ስትሰጠው ግን አልተግደረደረም። ውርጩ ሲመጣ ለብሶት ሲነዳ አየሁት።

እንከን የለውም አልልም። ያረፍዳል። ሬዲዮውን ቀንስ ካላሉት አይቀንስም። ቤት ካልወደደ ፊቱ ላይ ያስታውቅበታል፤ አንድ ሻጭ ፊት ለፊት ተቆጥቶታል።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ፈቃዱን ወስጃለሁ። ለሙሉ ቀን ያዙት፣ ከተቻለም ክረምት ላይ። እሁድ አይሠራም። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት አትደውሉለት፣ አያነሣም።