ለትንንሽ ልጆች የትኛው የጥርስ ብሩሽ ይሻላል? የእጅ ወይስ የኤሌክትሪክ?

«ከአሜሪካ ዘመድ እየመጣ ነው። ለልጄ የኤሌክትሪክ ብሩሽ ላስመጣ ወይስ ሱፐርማርኬት ያለው ይበቃል?» ብለው የሚጠይቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የልጁን ዕድሜ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ማታ ማታ ጥርሱን ማን እንደሚቦርሽለት።

ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ብዙ አታስቡ፤ የእጁን ግዙ። ኦራል-ቢም ሆነ ፊሊፕስ የልጆች የኤሌክትሪክ ብሩሽ የሚሠሩት በአብዛኛው ከ3 ዓመት ጀምሮ ላሉት ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር አካባቢ ብቅ ይላል። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች የሚሟሉት ደግሞ ወደ 3 ዓመት ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ራሱ ትንሽ፣ ፀጉሩ በጣም ለስላሳ፣ እጀታው ለእናንተ እጅ የሚመች ብሩሽ በቂ ነው። የምትቦርሹት እናንተ ስለሆናችሁ እጀታው ለልጁ ማማሩ ብዙ አያስጨንቃችሁ።

ከ3 ዓመት በኋላ ግን ምርጫው እውነተኛ ምርጫ ይሆናል።

የኤሌክትሪኩ ጥቅም የሚካድ አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ግምገማ 56 ጥናቶችን አይቷል። ከ3 ወር በላይ የኤሌክትሪክ ብሩሽ የተጠቀሙ ሰዎች፣ በእጅ ብሩሽ ከተጠቀሙት ይልቅ ጥርሳቸው ላይ የሚለጠፈው ቆሻሻ፣ ማለትም ፕላክ፣ በ21 በመቶ ያነሰ ነበር። የድድ መቆጣትም በ11 በመቶ ቀንሷል። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ነገር ግን ግምገማው ለትንንሽ ልጆች ብቻ የተሠራ አይደለም። ቁጥሩም ስለ ፕላክና ስለ ድድ እንጂ ስለ ጥርስ መቦርቦር አይናገርም። ወላጅን የሚያሳስበው ደግሞ ዋናው መቦርቦሩ ነው።

መቦርቦርን በዋናነት የሚከላከለው ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ነው። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ከሁለቱ የማታው ፈጽሞ መዘለል የለበትም፤ ተኝተን ሳለ ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ መከላከያ ያጣል። ስለዚህ ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ተራ ብሩሽና ጥሩ ሳሙና ይግዛ። የስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች ግን ስለ ሳሙናው መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም አማክሩ። በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃው ራሱ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆችን ጥርስ ያበልዛል።

የኤሌክትሪክ ብሩሽ ላይ ትልቁ ስጋቴ ወላጅን ማዘናጋቱ ነው። የ4 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ይሰጥና «ራሱ ይቦርሻል» ተብሎ ይተዋል። ልጁ የፊት ጥርሱን ያስነዝራል፣ የብሩሹን ራስ ያኝካል፣ የኋላዎቹ ሳይነኩ ይቀራሉ። ልጆች ጥርሳቸውን በደንብ መቦረሽ የሚችሉት ወደ 7 ወይም 8 ዓመት ሲጠጉ ነው። እስከዚያ ድረስ የትኛውንም ብሩሽ ብትገዙ የእናንተ እጅ አይቀርም። መጀመሪያ ልጁ ይሞክር፣ ከዚያ እናንተ ከኋላው ቆማችሁ ጭንቅላቱን ደረታችሁ ላይ አስደግፋችሁ ጨርሱለት።

አያያዛቸውም ይለያያል። የእጁን ብሩሽ ድድና ጥርስ የሚገናኙበት ላይ ሰያፍ አድርጎ በትንሽ በትንሹ ማዞር ነው። የኤሌክትሪኩ ግን መፈተግ አይፈልግም። እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ለአፍታ አሳርፎ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው፤ ሥራውን እሱ ይሠራዋል። ኃይል መጨመር ድድ ይጎዳል።

ድምፁና ንዝረቱ የሚያስፈራው ልጅ አለ። እንዲህ ያለውን አታስገድዱት። መጀመሪያ መዳፉ ላይ፣ ቀጥሎ ጥፍሩ ላይ አስነኩት፤ እንቢ ካለ ወደ እጅ ብሩሹ ተመለሱ። በተቃራኒው ደግሞ በእጅ ብሩሽ ማታ ማታ የሚያለቅስና አፉን የሚዘጋ ልጅ የሚነዝረውን ወዶ አፉን የሚከፍትበት ጊዜ አለ። እንዲህ ላለ ልጅ ከሆነ እኔ ያለማመንታት ግዙ ነው የምለው። 2 ደቂቃ የሚቆጥረው ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ያማራችሁ፣ ስልካችሁም ይቆጥራል።

6 ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ጥርስ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይነቀል ስለሚበቅል ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ቋሚ ጥርስ ነው። እየወጣ ሳለ ከሌሎቹ ዝቅ ስለሚል ብሩሹ በላዩ ያልፋል። የኤሌክትሪኩ ትንሽ ራስ እዚህ ጋ ጥሩ ይደርሳል። በእጅ ብሩሽ ከሆነ ከጉንጭ በኩል አግድም አስገቡት።

ወደ ዋጋ ስንመጣ፣ የሚከብደው የመጀመሪያው ግዢ ብቻ አይደለም። የሁለቱም ራስ በየ3 እና 4 ወሩ፣ ፀጉሩ ከተበተነም ከዚያ በፊት ይቀየራል። የእጁን ፋርማሲ ገብቶ መተካት ነው። የኤሌክትሪኩ ግን ቅያሪ ራስ ይፈልጋል፤ የአንዱ ድርጅት ደግሞ ለሌላው አይገጥምም። ቅያሪው እናንተ ያላችሁበት ከተማ ከሌለ ከብሩሹ ጋር አብሮ ይምጣ፤ አለዚያ አታስመጡት። ሁለት ልጆች ካሏችሁ አንዱን እጀታ እየተቀያየሩ፣ ራሱን ግን ለየብቻ መጠቀም ይችላሉ።

ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 100–240 ቮልት ካለ ችግር የለም። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ ግን የኛ 220 ያቃጥለዋል። በባትሪ የሚሠሩት ርካሾቹ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው። ነገር ግን ባትሪው እንደ ሰዓት ባትሪ ትንሽና ክብ ከሆነ ተጠንቀቁ። ልጅ ከዋጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል። ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ከሆነ አትግዙት።