ባህር ዳር ላለችው የሕግ ባለሙያችን ምስጋና

ከጎጃም ምርት ይዛችሁ አሜሪካ ለመሸጥ የምታስቡ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ።

እኛ የዘጌን ቡና ቆልተን አሽገን የምንሸጥ ትንሽ ድርጅት ነን። ስማችንን በንግድ ምልክትነት አሜሪካ ለማስመዝገብ አመልክተን ነበር። ቀደም ብሎ ከተመዘገበ ሌላ ምልክት ጋር ይመሳሰላል ተብሎ የመጨረሻው የውድቅ ደብዳቤ መጣ። ጉዳዩን ይዞልን የነበረው ሰው ደብዳቤውን አይቶ «ሦስት ወር አላችሁ፣ እስከ መስከረም 4 አትጨነቁ» አለን።

ያኔ ነው በወዳጅ ጥቆማ ወደ እሷ የሄድነው። ቢሮዋ ባህር ዳር ነው። ስሟን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም።

ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ቀኑን ነው። ደብዳቤው የወጣው ጁን 11፣ 2025 ነው፤ በእኛ ሰኔ 4፣ 2017። ሦስት ወሩ የሚቆጠረው ግን በእነሱ ካላንደር ነው። ስለዚህ የሚያልቀው ሴፕቴምበር 11 ነው። ያ ደግሞ በእኛ መስከረም 1፣ እንቁጣጣሽ! የእኛን ወር ቆጥረን መስከረም 4 ብንጠብቅ ኖሮ ሦስት ቀን አልፎብን ነበር። ጳጉሜንም መሀል ላይ አለች፣ አትርሱ። ጊዜው የሚቆጠረው ደብዳቤው ከወጣበት ቀን እንጂ እኛ ኢሜይሉን ከከፈትንበት ቀን አይደለም። ሰዓቱም በዋሽንግተን ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ መስከረም ላይ ይህ በእኛ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ነው።

ቀጥሎ ያስረዳችን ነገር ነው ከሁሉ የጠቀመን። ከመጨረሻው ውድቅ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማመልከቻውን ያየው መርማሪ ውሳኔውን እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ለንግድ ምልክት ይግባኝ ቦርድ ይግባኝ ማለት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ይቀመጣል። ጥያቄው ግን የይግባኙን ጊዜ አያቆመውም! መልሱ ሳይመጣ ቀኑ ካለፈ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። ሁለቱንም አብሮ ማስገባት ይቻላል፤ ያኔ ቦርዱ ይግባኙን አቁሞ ፋይሉን መጀመሪያ ወደ መርማሪው ይመልሰዋል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጊዜ ለጠበበበትም 125 ዶላር ከፍሎ አንድ ጊዜ ብቻ ተጨማሪ ሦስት ወር መጠየቅ ይቻላል፤ እሱም የመጀመሪያው ሦስት ወር ሳያልፍ።

እሷ ራሷ እዚያ ቆማ አትከራከርም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኖሪያው ውጭ የሆነ አመልካች አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ባለው ጠበቃ መወከል አለበት። የእሷ ሥራ ወረቀቱን ማንበብ፣ ቀን መቁጠርና ጠበቃውን መጎትጎት ነው። ጎትጉታዋለችም፣ ምስኪን ጠበቃ! ሁለቱም ሰነዶች ጳጉሜን ሳትገባ ገቡ።

ሲዳሞና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞችም እዚያው አሜሪካ መጀመሪያ ውድቅ ተደርገው፣ መንግሥት ተከራክሮ ነው በኋላ የተመዘገቡት። ይህን ስናነሳባት «የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው፣ አታወዳድሩ» ብላ ቁርጡን ነገረችን። ታሸንፋላችሁ ብላን አታውቅም። ፋይሉም ገና ክፍት ነው። ምስጋናዬ ግን ውጤቱን አይጠብቅም።

ዋጋዋን አስቀድማ ትናገራለች፣ ደረሰኝ ትሰጣለች። ስልክ ቀን ቀን አታነሳም፤ ይህ ትንሽ ያናድዳል። ማታ ግን ራሷ መልሳ ትደውላለች። አገር ውስጥ ለማስመዝገብም ትሠራለች። ያኛው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚመራ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ መመዝገባችሁ አሜሪካ አይሠራም።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ። ደብዳቤውን ከነኢሜይሉ ሙሉውን ላኩላት። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ፎቶ አንስቶ ለላከ ሰው መልስ አትሰጥም።