ቃሊቲ ያለው የቮልስ ጋራዥ፦ የሻንሲ ቁጥር ፍለጋው ምን ያህል ይታመናል?

ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው ይህ ጋራዥ ታፔላ የለውም። የቮልስ ባለቤቶች እየተጠቋቆሙ ነው የሚያገኙት። ቅጥቀጣ፣ ብየዳና ቀለም ይሠራል፤ በእነዚህ ሌሎችም ጎበዞች አሉ። እዚህ የምንገመግመው ሌላ አገልግሎቱን ነው። አሮጌ መኪና ለእድሳት ሲገባ፣ አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት የሞተሩንና የሻንሲውን (ቦዲው የሚቀመጥበትን የታችኛውን ብረት) ቁጥር ፈልጎ ያጸዳል፣ ያነባል፣ ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፣ የተነበበውንም በወረቀት ያስረክባል።

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። በብዙ ቦታ መኪናው እንደገባ ወንበሩ ይወጣል፣ ወለሉ ላይ ግራይንደር ይነሳል፣ ቁጥሩን የሚያስታውሰው የለም። ጥፋቱ የሚታወቀው መኪናው ተቀብቶ ካበቃ በኋላ፣ ለዓመታዊ ምርመራ ወይም ለስም ዝውውር ሲቀርብ ነው። ያን ጊዜ መርማሪው በእጁ ሲዳስስ የሚያገኘው ለስላሳ ብረት ነው፤ ባለቤቱ የራሱን መኪና የራሱ መሆኑን ማስረዳት ይጀምራል።

የቮልስ ዋና ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በወለሉ መሀል ከፊት ወደ ኋላ በሚያልፈው ቱነል ላይ ነው፤ የካምቢዮ ዘንግ መገጣጠሚያ ከሚከፈትባት ትንሽ ክዳን አጠገብ። ሁለተኛው ቁጥር ከፊት ኮፈን ሥር፣ በስኮርታው አካባቢ በተሰካችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ አለ። ሦስተኛው የሞተሩ ነው፤ ከዲናሞው እግር ሥር በሞኖብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ላይ ይገኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቱነሉ የሻንሲው አካል ነው፤ የፊቷ ሰሌዳ ግን ያለችው በቦዲው ላይ ነው። የቮልስ ቦዲ ከሻንሲው ጋር የተያያዘው በብሎን ስለሆነ፣ ባለፉት አሥርተ ዓመታት የአንዱ ቦዲ በሌላው ሻንሲ ላይ ተጭኖ የቆየባቸው መኪኖች አሉ። የሰሌዳዋና የቱነሉ ቁጥር ካልገጠሙ ወዲያው «የተሰረቀ ነው» ማለት ስህተት ነው። ሊብሬው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ መታየት አለበት፤ ጋራዡም ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ ነው የሚሰጠው። ይህን ሳይጠየቁ ማድረጋቸው ያስመሰግናቸዋል።

የማጽዳቱ ሥራ በዝርዝር መነገር ይገባዋል፤ ጥራታቸው የሚታየው እዚያ ነው። በቮልስ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ይቀመጣል። የፈሰሰው አሲድ የቀኙን ወለል ይበላል፣ እንፋሎቱም ቱነሉን ያዝገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪው ይወጣል። ቀጥሎ በ1 ሊትር ውኃ 4 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ አካባቢው ይታጠባል፤ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ይደጋገምና በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ ይደርቃል። ይህ ከተዘለለ አሲዱ ከአዲሱ ቀለም ሥር ሥራውን ይቀጥላል።

ቁጥሩን ብዙውን ጊዜ የሸፈነው ሬንጅ፣ የምንጣፍ ማጣበቂያ ወይም በየዘመኑ የተደራረበ ቀለም ነው። ሬንጁን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ያነሳሉ፤ የቀረውን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ያሻሉ። እሳት አያስጠጉም፣ ትክክልም ናቸው። የቮልስ የቤንዚን ታንክ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ቤንዚኑን የሚያደርሰው ቀጭን ቧንቧ የሚያልፈው በዚሁ ቱነል ውስጥ ነው። ቱነሉ ላይ ችቦ መለኮስም ሆነ ግራይንደር ማስነሳት በቤንዚን መስመር ላይ እንደ መሥራት ይቆጠራል። ወለሉን መበየድ ግድ ሲሆንም ታንኩን አውርደው፣ መስመሩን አድርቀው ነው የሚጀምሩት።

ለቀለሙ ወፍራም ጄል የሆነ ቀለም ማስለቀቂያ ይቀባሉ፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ይሸፍኑታል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃም ይጠብቃሉ። ቀለሙ ሲያብጥ በነሐስ ብሩሽ ቁጥሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ይቦርሹታል። አንድ ጊዜ ካልበቃ ይደገማል እንጂ ወደ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አይኬድም። ለዝገቱ ዘይት ነክረው ያሳድራሉ። በማግስቱም ካልለቀቀ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ በጥጥ ይነካሉ፣ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ይተዉታል፣ አጥበው ያደርቃሉ። የሽቦ ብሩሽ በድሪል አይገጥሙም፤ አሸዋ መንፋትማ ጨርሶ አይታሰብም። የተመታ ቁጥር ጥልቀቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። የአሸዋ ነፋሻ የቁጥሩን ጠርዝ ያከብበዋል፣ ከዚያ በኋላ 3 ከ8፣ 5 ከ6፣ 1 ከ7 አይለይም።

ንባቡ ላይ ያላቸው ትዕግሥት ጥሩ ነው። የበረንዳውን መብራት ያጠፋሉ፣ የእጅ ባትሪውን ከብረቱ ጋር ሊነካካ እስኪደርስ ያጋድማሉ፣ ጥላው ቁጥሩን እንዲያወጣው ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ያነሳሉ። ከፊት ብቻ የበራ ብርሃን ጥልቀት የሌለውን ቁጥር ይደመስሰዋል። ቀጥሎ የሕፃን ፓውደር ይነሰንሱና ላዩን በደረቅ ጣት ያብሳሉ፤ ዱቄቱ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል። በግልጽ ስኮች ያነሱትና ጥቁር ካርቶን ላይ ይለጥፉታል። በነጭ ወረቀትና በለስላሳ እርሳስም ያትሙታል። ሁለቱም እትሞች ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ከዚህ አገልግሎት የሚተርፈው ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ ብረቱ ነገ ቢጎዳ እንኳ ከእድሳቱ በፊት የተነሳ እትም በእጅ አለ።

የተነበበውን መተርጎም ላይ ግን ባለቤቱ ራሱ ማወቅ አለበት። ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 1964 ጀምሮ የቮልስ ሻንሲ ቁጥር 9 አኀዝ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመኪናውን ዓይነት ይናገራሉ፣ ለተራው ባለ ጣሪያ ቮልስ 11። ሦስተኛው የሞዴል ዓመቱ መጨረሻ አኀዝ ነው፤ የቀሩት ስድስቱ ተራ ቁጥር ናቸው። ስለዚህ በ118 የሚጀምር ባለ 9 አኀዝ ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ወዲህ ከሦስተኛው ቀጥሎ 2 ገባችና አኀዙ 10 ሆነ። አሮጌ ሊብሬዎች ላይ ይህቺ 2 ተዘልላ የተጻፈችበት ጊዜ አለ። መኪናው ላይ 10፣ ሊብሬው ላይ 9 አኀዝ ከተገኘ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው። የአኀዙ ብዛት ዓሥርተ ዓመቱንም ይለያል፦ 118 ብሎ በ9 አኀዝ የሚያልቀው የ1968፣ 118 ብሎ 2 የሚያስከትለውና 10 የሚሞላው የ1978 ነው።

የፋብሪካው የሞዴል ዓመት በነሐሴ ይጀምርና በሐምሌ ያልቃል፤ እንደ ፈረንጆቹ ነሐሴና ሐምሌ ማለት ነው። ከእኛ ዘመን መለወጫ ጋር በአንድ ወር ገደማ ብቻ ይለያያል። ስለዚህ ከሞዴሉ ዓመት 8 ሲቀነስ የእኛው ዓመት ይመጣል፦ የ1968 ሞዴል ከሞላ ጎደል የ1960 ዓ.ም. ምርት ነው። ሊብሬው በፈረንጆቹ «1967» ቢልና ቁጥሩ 118 ቢሆን መኪናው በእ.ኤ.አ. 1967 መጨረሻ ወራት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል የግድ ስህተት አይደለም። ጋራዡ ይህን ልዩነት እንደ አለመግጠም አድርጎ በቀይ ይጽፈዋል፤ ባለቤቱን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ቢያስተካክሉት ጥሩ ነው።

ትልቁ ድክመታቸው የሞተር ቁጥሩ ላይ ነው። ቱነሉ ላይ ያሳዩትን ጥንቃቄ እዚህ አይደግሙትም። የቮልስ ሞኖብሎክ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ለብረት የሚሆነው አሲድ ያለበት ዝገት ማጥፊያ ማግኒዚየሙን ይበላዋል፣ የሽቦ ብሩሽም ይቧጭረዋል። ቅባቱ በነጭ ጋዝና በናይሎን ብሩሽ ብቻ፣ በትዕግሥት መነሳት አለበት። መኪናውን ለጋራዡ ሲያስረክቡ «ሞተሩ ላይ አሲድ እንዳይነካ» ብለው ቢያስጽፉ ይመረጣል፤ ወይም ያንን ክፍል እቤት ጨርሰው ይሂዱ፣ ቀላል ነው። ከቁጥሩ ፊት ያለው ፊደል የሞተሩን ዓይነት ይነግራል፦ D ለ1200፣ F ለ1300፣ H ለ1500፣ AB ለኋለኛው 1300፣ AD ለ1600። የ1966 ሞዴል ሻንሲ ላይ AD ከተገኘ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። ይህ ነውር የለውም፤ ሊብሬው ላይ መመዝገቡ ግን መረጋገጥ አለበት። ለመለዋወጫ የሚሸጥ አዲስ ሞኖብሎክ ቁጥር ሳይመታበት ስለሚመጣ፣ ባዶ ሆኖ ቢገኝም ሁልጊዜ ተፍቆ ነው ማለት አይደለም።

ወለል የመቀየር ሥራቸው ከቁጥሩ አንጻር ንጹሕ ነው። የቮልስ ወለል ግራና ቀኝ ለየብቻ ይቀየራል፤ ቱነሉ ግን ይቀራል፣ ቁጥሩም አብሮ ይቀራል። ሙሉ ሻንሲ ከሌላ መኪና አምጥተው ለመግጠም የሚጠይቁ ደንበኞችን፣ መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጨርሱ ብለው ይመልሳሉ። የደበዘዘ ቁጥር ላይ «እንዲጎላ» ደግሞ መምታትንም እምቢ ይላሉ። ይህ አቋማቸው ሊከበርላቸው ይገባል። በድጋሚ የተመታ ቁጥር በቅንነት ቢደረግም ከተጭበረበረ አይለይም፤ በፋቂ የጠፋን ቁጥር በኬሚካል የማውጣት ሥራም የፖሊስ ፎረንሲክ ነው፣ ጋራዥ ሲነካካው ማስረጃውን ያጠፋል።

ላንድሮቨርም ይቀበላሉ፣ ግን ልምዳቸው ሳሳ ያለ ነው። በሲሪስ 2 እና 2ኤ (በአሮጌዎቹ የላንድሮቨር ሞዴሎች) ቁጥሩ ያለው በሻንሲው ላይ፣ በሹፌሩ አቀማመጥ ቀኝ በኩል፣ የፊት ባሌስትራ ማሰሪያው ላይ ነው። ይህ ጫፍ በገጠር መንገድ ይጣመማል፤ ቆርጦ አዲስ መበየድ የተለመደ ሲሆን ቁጥሩም ከቁራጩ ጋር ይጣላል። እዚህ ቁራጩን ለባለቤቱ እንዲመልሱ አስቀድመው ይንገሯቸው። በ2ኤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኀዞች 242 ሲሆኑ አጭሩ ባለ ቤንዚን፣ ቀኝ መሪ፣ ለውጭ የተላከ ነው፤ 244 ደግሞ ግራ መሪው። አገራችን በቀኝ መንዳት የጀመረችው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ግራ መሪ በሆነ መኪና ላይ 242 ከተነበበ መሪው በኋላ ተዘዋውሮ ሊሆን ይችላል። ከመደናገጥ በፊት የመሪው መያዣዎች ይታዩ። ለላንድክሩዘር ኤፍጄ40 ከቀኝ የፊት ሻንሲው ውጫዊ ጎን ያነባሉ፤ ሥራው ቀላል ስለሆነ ችግር የለበትም።

የሚያስረክቡት ወረቀት ቀን፣ ፊርማና የሠራው ሰው ስም የለበትም፤ አስገድደው ያስጽፉ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስለሚልኩ ጥራታቸው ይወርዳል፤ እንደ ፋይል እንዲልኩ ይጠይቁ። የፋብሪካ መረጃ ለማስመጣት የሚያስፈልገው ጥርት ያለው ፎቶ ነው። ለቮልስ ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም፣ ለላንድሮቨር ጌይደን ያለው የብሪታንያ ሞተር ሙዚየም በሻንሲ ቁጥር የምርት ምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣሉ። አንድ አኀዝ ከተሳሳተ የሌላ መኪና ታሪክ ይመጣል።

በክረምት ባይሄዱ ይሻላል። ሥራው በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀለም ማስለቀቂያው በብርዱ ይደክማል፣ የተራቆተው ብረት ደግሞ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ግዴታ ከሆነ፣ ቁጥሩ በተነበበበት ዕለት ስስ ግልጽ ቫርኒሽ እንዲቀቡት ይጠይቁ። ቀለም ሊረጭ ሲልም ቁጥሩ ላይ ወረቀት ፕላስተር ይለጠፍ፤ ስቱኮና ወፍራም ፀረ ዝገት እንዳይደርሱበት። የፊቷን ሰሌዳ ለመቀባት ብለው ሪቬቷን እንዳይነቅሉ፣ ባለችበት እንዲሸፍኗት ይንገሩ። ሲሄዱ ዋናውን ሊብሬ ሳይሆን ቅጂውን ይውሰዱ፤ የኋላ ወንበሩን እቤት አውጥተው ቢሄዱ የመጀመሪያው ቀን ለማጽዳቱ ይተርፋል።