ባለ 0.45 ማይክሮን ስሪንጅ ማጣሪያ፦ ለበጋው አባይ ይበቃል፣ ለክረምቱ አይችልም

ስሪንጅ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ክብ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ስሪንጅ ማጣሪያ፣ ቀዳዳዎቹ 0.45 ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር ሺህኛ ያነሰ) የሆኑ ስስ ወንፊት በውስጡ ያለው፣ በወንዝ ውሃ የሟሙ ብረታትን ከደለል ለመለየት ከሚሸጡ ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ነው። በበጋ፣ አባይ ሲጠራ፣ እንከን አይወጣለትም፤ የመጀመሪያውን 10 ሚሊ ሊትር ደፍቶ ቀጣዩን ወደ ጠርሙስ መግፋት ብቻ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ይሸነፋል። ጥቂት ሚሊ ሊትር እንዳለፈ ነጩ ገጹ የቡና አተላ የመሰለ ደለል ይለብስና መግፋቱ ይከብዳል። እዚህ ላይ ጉልበት መጨመር ትልቁ ስህተት ነው። ስሱ ወንፊት ከተቀደደ ደለል ሾልኮ የአይረንና የአልሙኒየም ውጤት ያሻቅባል። ባይቀደድም ቀዳዳዎቹ በደለል ስለሚጠቡ ማለፍ የነበረባቸው ረቂቅ ቅንጣቶች ታግደው ይቀሩና ቁጥሩ ይወርዳል። ከአንድ ባልዲ የተቀዳ ውሃ ሁለት ውጤት የሚሰጠው በዚህ ነው። ገና መክበድ ሲጀምር በአዲስ መተካት ያስፈልጋል። ለክረምት ግን የምንመክረው፣ ዋጋው ቢወደድም፣ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር የማጣሪያ ስፋት ያለውን ካፕሱል (በፕላስቲክ የታሸገ ትልቅ ማጣሪያ) ከነፓምፑ ነው።

ስሪንጁም ጣጣ አለው። ጥቁር የጎማ ጫፍ ያለው ዚንክ ሊለቅ ስለሚችል ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነውን ይምረጡ፤ ዱቄት ያለበትን ጓንትም ይተዉ። ጠርሙሱ በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ተዘፍዝፎ ይደር፣ ከዚያ አዮን በሌለው ውሃ (የሟሙ ጨዎችና ብረታት በወጡለት) በደንብ ይለቅለቅ። ለናሙናው ንጹሕ ናይትሪክ አሲድ የሚጨመረው ከተጣራ በኋላ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ2 በታች እስኪወርድ። ቀድሞ ከገባ ከደለሉ ላይ ብረታትን ያላቅቅና የሟሙ ያስመስላቸዋል። አዮን የሌለው ውሃ በዚያው ስሪንጅና ማጣሪያ አሳልፎ ለብቻው ማስመርመርም ግድ ነው፤ ዚንክ እዚያም ከታየ ምንጩ ወንዙ አይደለም።

የተጣራው ውሃ ብቻውን ግን ብዙ ይደብቃል። አይረን፣ ክሮሚየም፣ ኒኬልና ሊድ በአብዛኛው የሚጓዙት ደለል ላይ ተጣብቀው ነው። የአባይ ደለል ከባዛልት ተራሮች ስለሚመጣ ክሮሚየምና ኒኬል በተፈጥሮው አለው፤ ሞጆ ወንዝ ላይ ግን የቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮሚየምም ይታሰባል። ይህን ለመለየት ደለሉ ራሱ መመርመር አለበት። ለዚህ ቀድሞ የተመዘነ ባለ 47 ሚሊ ሜትር የማጣሪያ ወረቀት ከነመያዣው አብሮ መግዛት ያስፈልጋል፤ ስሪንጅ ማጣሪያው የማይከፈት ስለሆነ ደለሉን አውጥቶ መመዘን አይቻልም።